ለቦራ ያልተጠራው አሰልጣኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየጊዜው ከፊታቸው ተንበርክኬ ሌሎቹን ኃጢአቶቼን፣ ለመናገር የማያሳፍሩትን፣ እዘረዝርላቸው ነበር፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን አንደበቴ ይታሰራል። እሳቸውም ሳይሰሙት አረፉ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የቀረኸኝ አንተ ነህ። እኔ ሰው ገድያለሁ። በእጄ አይደለም። ፒያሳ በሚገኝ አንድ ኬክ ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማኪያቶዬን እያማሰልኩ በቃል ገደልኩት። የገደልኩት ሰው ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሕይወት ኖረ፤ ባገኘኝም ቁጥር ሰላም ይለኝ ነበር።

ዕድሜዬን የፈጀሁት የጥንት መኳንንትን የፈረስ ስም በማጥናት ነው። የቀድሞ ጦረኛ በፈረሱ ስም፣ «አባ» እየተባለ ይጠራ እንደነበር ታውቃለህ። ማን የትኛውን ፈረስ እንደጋለበ፣ የፈረሱ መልክ ምን እንደነበረ፣ ስሙ በምን ምክንያት እንደወጣ መረመርኩ። በሁለት ምስክር ያልጸና ነገር ጽፌ አላውቅም። ፈረስ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ ወጥቼ አላውቅም።

አስናቀ የቄስ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበር። እኔ ወደ መጽሐፍ ሳዘነብል እሱ ወደ ጃንሜዳ በረት አዘነበለ። ውጭ አገር ተልኮ የፈረስ ሥልጠና ተማረና የምስክር ወረቀት ይዞ ተመለሰ፤ በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ወረቀት የነበረው፣ እኔ እስከማውቀው፣ እሱ ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ በዚያው ኬክ ቤት ስለ ፈረስ ስሞች ለወዳጆቻችን ሳብራራ፣ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ሲያዳምጠኝ ቆየ።

«የሁሉንም ነገርከን» አለኝ። «የአንተስ የፈረስ ስም ማን ነው?»

«እኔ ፈረስ የለኝም።»

«እንዴት የለህም! ቀኑን ሙሉ እላዩ ላይ አይደል የምትውለው? አባ ወረቀት ነህ እንጂ! ደግሞ ደህና ፈረስ መርጠሃል፤ ከወረቀት ላይ ወድቆ ወገቡ የተሰበረ ሰው የለም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም። አራዳ አንዴ ስም ካወጣልህ፣ አወጣልህ ነው። አስተናጋጁ «ለአባ ወረቀት አንድ ማኪያቶ!» ብሎ ማዘዝ ጀመረ። እናቴ የሞተች ጊዜ፣ ከድንኳኑ ውጭ አንዱ «ማን ናቸው ያረፉት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው «የአባ ወረቀት እናት» ብሎ ሲመልስለት በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ቀን በአስናቀ ቂም ያዝኩ። ይሁን እንጂ አስናቀ በዚያ ለቅሶ ሠልስቱ እስኪወጣ ድረስ ከጎኔ አልተለየም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ታሪኩ ለእኔ ያደላ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን በቀትር፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ኬክ ቤቱ ድረስ ፈልጋኝ መጣች። ትርሲት ትባላለች፤ አቶ በየነ የተባሉ የታወቁ ባለ ፈረስ ልጅ ናት። አባቷ ካረፉ ብዙ ጊዜ አልሆነም። እሳቸው ቦራ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ነበራቸው፤ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ የገራው አስናቀ ነው። በኋላ ሁለቱ ሰዎች ተኳረፉ። ምክንያቱን በትክክል አላውቀውም፤ ስለዚህ አልጽፈውም።

ትርሲት እንደነገረችኝ፣ ጌታው ከሞተ ወዲህ ቦራ ሰው አላስጠጋ ብሏል። ባልደራሱን ረግጦታል። የበረቱ ባለቤቶችም፣ የምስክር ወረቀት ያለው አሰልጣኝ ካላመጣሽ ፈረስሽን አውጪልን ብለዋታል።

«ጋሼ፣ መሳቂያ ሆንኩ እኮ» አለችኝ። «ቴዎድሮስ አደባባይ አንዱን የታክሲ ረዳት ሰርተፍኬት ያለው አሰልጣኝ በዚህ አካባቢ ታውቃለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ‹መንጃ ፈቃድ ልታወጪ ነው፣ እህቴ?› አለኝ። ለፈረስ ነው ስለው፣ ‹እሱንማ ሂጂና ቅዱስ ጊዮርጊስን ጠይቂው፤ እዚህ ሰፈር ፈረስ ያለው እሱ ብቻ ነው› ብሎ ታክሲ ሙሉ ሰው አሳቀብኝ።»

ከዚያም ድምፅዋ ተለወጠ። «አባቴ ሊያርፍ ሲል አንድ ስም ደጋግሞ ጠራ። ‹አስናቀን ፈልጉልኝ፤ በየነ ይቅር በለኝ ብሎሃል በሉት፤ ቦራንም እሱ ይውሰደው፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው› ነው ያለው። እኔ በልጅነቴ ነው ያየኋቸው፤ መልካቸውንም አላስታውስ። ሰው ሁሉ እርስዎ ያውቋቸዋል አለኝ። የት ነው የማገኛቸው?»

የት ነበር አስናቀ? ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ተቀምጦ የግልቢያ ቦቲውን ያሰፋ ነበር። ጠዋት በዚያ አልፌ ስመጣ፣ «አባ ወረቀት፣ ፈረስህን ዛሬ የት አሰርከው?» ብሎ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ እንዲያየኝ አድርጓል። ድልድዩ በእግር ቅርብ ነው። ተነስቼ እጇን ይዤ ልወስዳት እችል ነበር። አላውቅም ልላትም እችል ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ልጄ፣ አልሰማሽም እንዴ? አስናቀ እኮ አርፏል» አልኳት። «ትውልድ አገሩ ሄዶ፣ እዚያው ታሞ ሞተ። እዚያው ተቀበረ።»

መርዶ ነጋሪ እንደሚያደርገው ድምፄን አለዘብኩ። ዓይኔን ወደ መሬት ሰበርኩ። ይህን ሁሉ ማን አስተማረኝ? እሷም በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች፤ ቀና ስትልም የክርስትና ስሙን ጠየቀችኝ። እኔም ወልደ ጊዮርጊስ ብዬ ነገርኳት፤ አብረን ዳዊት ስለደገምን አውቀው ነበር። «ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አስጸልይላቸዋለሁ» አለች። «የአባቴን ይቅርታ በምድር ካልሰሙት በሰማይ ይስሙት።» አመስግናኝ፣ ጉልበቴን ሳይቀር ልትስም ጎንበስ ብላ፣ ወጣች።

ለምን አመነችኝ? እኔ ስለሆንኩ ነዋ! ያልተረጋገጠ ነገር ከአፉ አይወጣም የተባልኩት እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው አልጠየቀችም። አርባ ዓመት ያጠራቀምኩትን መታመን በዚያች ቀትር አወጣሁትና፣ በሕይወት ያለ ሰው ስም ከሙታን ስም ጋር እንዲጠራ አደረግሁበት።

ነገ አርመዋለሁ አልኩ። በመጽሐፍ መጨረሻ የእርማት ገጽ እንደማኖር፣ ነገ «ተሳስቼ ነው» እላታለሁ አልኩ። በማግስቱ አፈርኩ። በሳምንቱ የበለጠ አፈርኩ። እፍረት ሲያድር ይከብዳል እንጂ አይቀልም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ውሸትን ቀላል ነገር ያደርገዋል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አስናቀ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከፊቴ ተቀመጠ። የበየነን ሞት እንደሰማ፣ በቀብሩም ዕለት ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ እንደሸኘው ነገረኝ። «ልጅቷ ለቦራ ትጠራኛለች ብዬ እጠብቃለሁ» አለኝ። «ያንን ፈረስ ከእኔ ሌላ ማን ያስታግሰዋል? ግን ከሟች ጋር ተኳርፌ ኖሬ፣ ሳልጠራ በረቱ ደጃፍ ብገኝ፣ ፈረሱን ከጅሎ መጣ አይሉኝም? ይጥሩኝ እንጂ፤ በሌሊትም ቢሆን እሄዳለሁ።»

እሷ ሞቷል ብላ አትጠራውም። እሱ ካልተጠራ አይሄድም። በሁለቱ መካከል የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ስኳር ጨመርኩ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አስናቀ መጣና በራሴ ስም ጠራኝ። አባ ወረቀት አላለኝም። ያኔ አንድ ነገር እንደሆነ አወቅሁ።

«ቦራን አየሁት» አለኝ።

«የት?»

«ከከተማ ወጣ ብሎ። ጋሪ ላይ ታስሮ፣ ብሎኬት ጭኖ። በግንባሩ ነጭ ነው የለየሁት። ቦራ ብዬ ብጣራ ጆሮውን ቀሰረና ቆመ። ባለ ጋሪው፣ ለምን ቆምክ ብሎ ገረፈው።» ማኪያቶውን ሳይነካ ወደ ጎን ገፋው። «በየነ ጥላቻውን ለልጁ አውርሶ ነው የሄደው ማለት ነው። እኔን ከመጥራት ለጋሪ መስጠት ተሻላት። ይህን ያህል ምን በድያቸው ነው፣ ወንድሜ? አንተ የተማርክ ነህ፤ እስኪ ንገረኝ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት።

እግዚአብሔር ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አስናቀ በማንም አልቀለደም፤ ስምም አላወጣም። ኬክ ቤት መምጣቱን እየተወ፣ እየተወ ሄደ። የሞተው የተጠላ መስሎት ነው። በፍትሐቱ ላይ ቄሱ «ወልደ ጊዮርጊስ» ብለው ሲጠሩ ከቆምኩበት መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ያ ስም ለሙት ሲጠራ ያን ቀን የመጀመሪያው አልነበረምና። ሰዎቹ ግራና ቀኝ ደግፈው አቆሙኝ። «አይዞህ፤ የልጅነት ጓደኛህ ነው፤ አልቅስለት» አሉኝ። ያንንም ማጽናኛ ተቀበልኩ።

ያ ኬክ ቤት ዛሬ የለም፤ ከብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ጋር ፈርሶ ቦታው ሰፊ መንገድ ሆኗል። ግድግዳው ሲፈርስ ቃሌም አብሮ የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። አልፈረሰም። አሁንም በዚያ ሳልፍ፣ በአስፋልቱ ላይ የኮቴ ድምፅ ከኋላዬ እሰማለሁ፤ ስዞር ማንም የለም። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስገባም የሰማዕቱን ሥዕል ቀና ብዬ ማየት ትቻለሁ። የማልችለው ፈረሱን ማየት ነው።

ትርሲት ዛሬም ለበዓል ስልክ ትደውልልኛለች። «ጋሼ፣ የአባቴን ተዝካር ባወጣሁ ቁጥር የጋሽ አስናቀንም ስም አስጠራለሁ» ትለኛለች። እኔም «እግዚአብሔር ይስጥሽ» እላታለሁ። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት እቤቷ ሄጄ ቆሜ አነብላታለሁ። ብትረግመኝ አሜን እላለሁ።

ቂም ነበረብኝ ብዬ አልከላከልም። ቀልድ በሞት አይመለስም። ከአንተም፣ አንባቢ ሆይ፣ ይቅርታ አልለምንም፤ በአደራ የተሰጠኝን የሌላ ሰው ይቅርታ በጉሮሮዬ ይዤ ስኖር፣ የራሴን በምን አፌ እጠይቃለሁ? የቀረኝ ያልደረሰውን ማድረስ ነው።

አስናቀ፦ በየነ «ይቅር በለኝ፤ ቦራን አንተ ውሰደው» ብሎሃል። ይህን በተናገረ ሰሞን ልጁ ትርሲት ልትነግርህ መጥታ ነበር። አልጠሉህም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።