አይጦቹ የተኙበት ገለባ

የመጀመሪያው ቀን የእንስሳት ቤቱ ኃላፊ ዶክተር በሩን ሳይከፍቱ፣ "አይጥ ትፈሪያለሽ?" አሉኝ። "ቤቴ ስትገባ እጠላታለሁ፤ ቤቷ ስገባ ግን እንግዳዋ እኔ ነኝ" አልኳቸው። ሳቁና ነጭ ጋዋን ሰጡኝ። እዚህ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ረዳት ሆኜ የተቀጠርኩት እንዲህ ነው። ዛሬ ዋና ቴክኒሽያን ነኝ፤ ጡረታዬም ደርሷል።

ጎረቤቶቼ "ሰው ድመት ይቀልባል፣ አስቴር አይጥ ትቀልባለች" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም ድመታቸውን እንዲያስሩልኝ እለምናቸው ነበር።

በሥራዬ አልታማም። አይጥ አንገቷ አይታነቅም፣ በጭራዋ ጫፍም አትጎተትም። መዳፍን ከደረቷ ሥር አስገብቶ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለእኛ ሙያ የተባለ ይመስለኛል። በደንብ የነከሰችኝ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም እውነት ነበራት፣ ከእንቅልፏ ቀስቅሼያት ነው።

በቤታችን የሚጠናው የእንቅልፍ ትንፋሽ ነው። አንዳንድ ሰው ሲተኛ ትንፋሹ ቆም እያለ ይመለሳል። አልጋ ላይ ያድራል እንጂ አያርፍም፤ ቀኑን ሲያንቀላፋ ይውላል። የአይጥም ትንፋሽ በእንቅልፏ አልፎ አልፎ ይቆማል። ስለዚህ አይጧን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ግልጽ ሳጥን ውስጥ አስገብተን እስክትለምደውና እስክትተኛ እንጠብቃለን። በተነፈሰች ቁጥር የሳጥኑ አየር ግፊት ይለዋወጣል፤ መለኪያው ያንን ያነብና ኮምፒዩተሩ ላይ መስመር ይስላል። ትንፋሿ ሲቆም መስመሩ ይተኛል። አይጥ የምትተኛው ቀን ስለሆነ ሥራችንም የቀን ነው።

ምሕረት ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥናት ልትሠራ የመጣች፣ ኢዲዶ የሚባል የቡና መንደር ልጅ ነበረች። ቅባት የበዛበት መኖ የበሉ አይጦች ትንፋሻቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ይቆም እንደሆነ ልታይ ፈለገች። ለምን ይህን እንደመረጠች ስጠይቃት፣ "አባቴ እኮ እትዬ፣ ስብከት ላይ ያንቀላፋል። ቤት ሲተኛ ትንፋሹ ሲቆም እናቴ በክርኗ ነው የምትቀሰቅሰው" አለችኝ። ቡና ገበሬው አባቷ ጋሽ ወራሳ ለምርቃቷ በሬ ለይተው አስረው ነበር። ሥራዋን በጊዜ ካልጨረሰች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም።

አይጦቹን የምናስተኛው ከአናጺዎች በምናመጣው ሰጋቱራ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ዶሮ አርቢዎች እየተሻሙ ጨረሱት። አንድ ጠዋት ጋሽ ወራሳ ቡናቸው ሲፈለፈል የወጣ የጀንፈል ገለባ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በሞተር ጭነው መጡ። "ምሕረት 'ሰጋቱራ ጠፋ' ብሎ ነገረኝ። ይሄ ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው። አይጡ ይተኛበት" አሉ፤ አማርኛቸው ሴቱን አንዳንዴ በወንድ ይጠራል። ዶክተሩም፣ ምሕረትም፣ እኔም ደስ አለን። ከዚያ በኋላም ሲያልቅ ያመጡልን ጀመር።

ልኬታው ሲጀመር ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። አይጦቹ ሳጥን ውስጥ እንቅልፍ እምቢ አላቸው። ሲተኙም፣ የሰቡትም ያልሰቡትም ትንፋሻቸው አይቆምም ማለት ይቻላል።

"ኮንትሮሎቹም፣ ተራ መኖ የበሉትም እንደዚያው ናቸው፤ ዳታው ምንም አይናገርም" አለች ምሕረት። ዶክተሩ ማሽኑን እንድፈትሽ አዘዙኝ። ክዳኑን አየሁ፤ በሲሪንጅ አየር እየገፋሁ መለኪያውን ፈተሽኩ። ደህና ነበር።

"እንግዲያው ምን ተቀየረ?" አሉ ዶክተሩ።

መኖው ያው ነው። መብራቱ ያው ነው። ምሕረት ሄዳ ከመደርደሪያው አንዱን የአይጥ ጎጆ አወረደች። ገለባው ተቆርጥሞ ደቅቋል።

"እየበሉት ነው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ካፌይን አለው እኮ።"

ዶክተሩ ግንባራቸውን ያዙ። "ሳይደርስ ለተወለደ ሕፃን ትንፋሹ እንዳይቆም የሚሰጠው መድኃኒት ራሱ ነው" አሉ።

ሦስታችንም ቡና አገር ተወልደን ያደግን ነን። ገለባ ለእኛ ማገዶና ማዳበሪያ ነው፤ ቡና ብሎ የሚቆጥረው የለም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢሆን ገና ሲያሸተው ይጠይቅ ነበር።

ዶክተሩ ለምሕረት ምርጫ ሰጧት። ያለውን ጽፋ ገለባውን እንደ ጉድለት ጠቅሳ መመረቅ ትችላለች፤ ወይም በአዲስ አይጦች ከሥር ትጀምራለች። ስለ በሬው ያሰበች መሰለኝ። "እደግማለሁ" አለች። እኔ አልወለድኳትም፣ ግን ኮራሁባት።

የከበዳት ለአባቷ መናገሩ ነበር። እኔ እንድነግርላት ለመነችኝ፤ እምቢ አልኳት። ጋሽ ወራሳ በሳምንቱ ሌላ ገለባ ጭነው ሲመጡ ደጃፉ ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው።

የያዙትን ማዳበሪያ መሬት አስቀመጡ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት?" አሉ።

"አይደለህም አባዬ። ምንነቱን ሳናስብ የተቀበልነው እኛ ነን።"

"ምርቃቱስ?"

"ለሚቀጥለው ዓመት።"

ገለባውን መልሰው ጫኑና ሄዱ። ሳይሰናበቱን በመሄዳቸው ተቀየሙ ብዬ አዘንኩ። ከቀናት በኋላ ሞተራቸው ግቢያችን ውስጥ ቆመ። ጪጩ መንደር ያሉትን አናጺዎች ዞረው ሰጋቱራ ሰብስበው ነበር። "አሽትቱት፤ ቡና የለበትም" አሉን። ሦስታችንም እየተቀባበልን አሸተትነው።

ማዳበሪያዎቹን እስክናስገባ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንቀላፉ። ዶክተሩ አጠገባቸው ቆመው አዳመጡ። ማንኮራፋቱ ድንገት ተቋረጠ፤ ትንፋሻቸው ጠፋ፤ ከዚያ በኃይል ተመለሰ። ቀሰቀሷቸውና ሐዋሳ ሄደው እንዲመረመሩ ነገሯቸው።

"መጀመሪያ አይጡ ይዳን" አሉ ጋሽ ወራሳ።

"አይጦቹ ምንም አልሆኑም። የታመሙት እርስዎ ነዎት።"

"ታዲያ ገለባውን እኔ ብበላውስ?"

"አይጥ ላይ ያየነውን ለሰው መድኃኒት ነው አንልም። ሐኪም ይይዎት" አሉ ዶክተሩ እየሳቁ። ምሕረት ግን አልሳቀችም። በዚያው ሳምንት ራሷ ይዛቸው ሄደች፤ ሕክምናም ጀመሩ።

ምሕረት ሥራዋን በሰጋቱራ ላይ ደገመች። መስመሮቹ መተኛት ባለባቸው ቦታ ተኙ፤ የሰቡት አይጦች ትንፋሽ ከሌሎቹ ይበልጥ ይቆም ነበር። በሬውም አንድ ዓመት ተጨማሪ ሣር ጋጠ።

በምርቃቱ ቀን አዳራሽ ውስጥ ከጋሽ ወራሳ አጠገብ ተቀመጥኩ። ንግግሩ ማለቂያ አልነበረውም፤ እኔ ራሴ ዓይኔ ተከደነ። በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝና፣ "እትዬ አስቴር፣ ተነሺ፣ ምሕረት እየተጠራ ነው" አሉኝ።

ቦታዬን ለሚረከቡ ቴክኒሽያኖች የምለው ይህን ነው። እንስሳው ምን ላይ እንደተኛ ሳታውቁ ስለ እንቅልፉ አትመስክሩ።