ጋሽ ማቴዎስ ለልጃቸው ሰርግ ያዘጋጇት መኪና

ጋሽ ማቴዎስ ማረፋቸውን የሀዋሳ ሰው በዚያው ቀን ሰማ። በባህል አዳራሽ አካባቢ ያሉ ጋራዦች ሥራ አቁመው ዋሉ፤ በቀብሩ ዕለትም መንገዱ በባጃጅ ተሞልቶ ነበር። ያልሰማች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም ብቸኛ ልጃቸው ሕይወት ናት። መርዶው እንዴት እንደደረሳት ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል፤ በየቤቱም የተለያየ ነገር ይወራል። ስለዚህ እሳቸውን ሳስታውስ ይህንንም ከራሴ እንድትሰሙት ብዬ ጻፍኩ።

ለማታውቁኝ፣ ከጋራዣቸው ጎን የመኪና ኤሌክትሪክ የምሠራው ታደሰ ነኝ። ግድግዳችን አንድ ነው። እሳቸው በዚያኛው በኩል ግድግዳውን በመዶሻ ከመቱ ሻይ መጥቷል ማለት ነው፤ ደጋግመው ከመቱ ደግሞ ሬዲዮህን ቀንስ ማለታቸው ነው።

ጋሽ ማቴዎስ ባለቤቱን ሳይጠሩ መኪና ጠግነው አያውቁም። የተበላሸውን ዕቃ በጨርቅ ጠርገው በሰውየው መዳፍ ላይ ያስቀምጡለታል። «ያንተ ነው፤ መጀመሪያ እየው» ይላሉ። አንድ ጊዜ የልጆች አባት የሆነ ባጃጅ ነጂ ሞተሩ ተቃጥሎበት መጣ። «ጋሼ፣ ይነሳል በሉኝ እባክዎ» እያለ ለመናቸው። «አይነሳም፣ ወንድሜ» አሉት። ሰውየው ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እሳቸውም ሥራቸውን ትተው አጠገቡ ተቀመጡ። ለቅሶው ሲበርድለት ገቡና መጋዘናቸው ውስጥ የነበረ ሌላ ሞተር አወጡለት።

መኪናዋን ብዙዎቻችሁ ታስታውሷታላችሁ። የጣሊያን ሥሪት፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቀይ የስፖርት መኪና ናት። አገሩ የገባ አንድ የውጭ ሰው ጥሏት ሲሄድ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ገዝተው በትርፍ ጊዜያቸው ነፍስ ዘሩባት። ገና ጎማ ሳይኖራት በድንጋይ ላይ ተሰቅላ ሳለች ሕይወት በልጅነቷ መሪዋን ይዛ «ፒፕ! ፒፕ!» ትል ነበር። የሕይወት እናት ቀደም ብለው አርፈዋል፤ አባትና ልጅ የቀሩት ለብቻቸው ነው። ልጅቷ አድጋ ጀርመን ሄደች፤ የመኖሪያ ወረቀቷ ስላላለቀ ተመልሳ አገር ቤት መግባት አልቻለችም። ልታገባ መሆኗን በስልክ የነገረቻቸው ቀን ግድግዳው ተደበደበ።

«ታደሰ፣ እሷ መምጣት ካልቻለች እኛ እንሄዳለን። ልጄን ከቤቷ አውጥቼ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ነኝ፤ ያውም በራሷ መኪና» አሉኝ።

መኪናዋ ከጅቡቲ በመርከብ እስከ ጣሊያኗ ጄኖቫ ትሄዳለች፤ ከዚያ በረዶ የማይለየውን ተራራ አቋርጠን ጀርመን እንገባለን። ልባቸው ደካማ ስለነበር ሐኪም ረጅም መንገድ እንዳይነዱ ከለከላቸው። ስለዚህ እኔ ልነዳ፣ እሳቸው ከጎኔ ሊቀመጡ ተስማማን፤ ሰነዱም በሁለታችን ስም ተሠራ። «ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያን ግን መሪውን እንዳትነካ» ብለው አስጠነቀቁኝ።

ሥራው ተጀመረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ የራዲያተር ቱቦዎች ሁሉ ተቀየሩ። እኔም ሽቦዋን ከፊት እስከ ኋላ አዲስ ዘረጋሁ። እኛ ሀዋሳ ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ጨምረን እንነዳለን፤ እሳቸው ግን ተራራው ላይ ውሃ በረዶ እንደሚሆን ሰምተው እንቅልፍ አጡ። የማይረጋ ፈሳሽ ከአዲስ አበባ አስመጡና፣ ሻጩን አላምን ብለው በጠርሙስ አሽገው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወዳለች ዓሣ ነጋዴ ወሰዱት፤ በረዶ የሚሠራ ማቀዝቀዣ አላት።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ ዓሣዬ መሃል መርዝ ሊያስቀምጡብኝ ነው?» ብላ ጮኸች።

«ታሽጓል፣ ልጄ። ደግሞ አንቺ ከዚህ የባሰ ዓሣ ሸጠሽልኝ ታውቂያለሽ» አሏት። ሳቀችና አስቀመጠችላቸው። በማግስቱ ጠርሙሱን ገልብጠው እንደ ውሃ ሲፈስ ሲያዩ ፊታቸው በራ።

ሙሽራ ልብስ ቤት ሄደው ቬሎ ተከራይተው፣ ባለቤቴን አስለብሰው መኪናዋ ውስጥ አስገብተው አስወጥተዋታል። «ቀሚስ በር ከያዘው ሙሽራ ቀኑን ሙሉ ይከፋታል» ብለው የወንበሩን አቀማመጥ እንደገና ቀየሩት። ባለቤቴ «ካንተ ጋር ስጋባ እንዲህ ያለ ክብር አላየሁም» ብላ እስከ ዛሬ ትነተርከኛለች።

በመጨረሻ ትልቁን ስህተት ሠራን። የእኛ መንገድ ኮረኮንች ስለሆነ፣ መኪናዋን ገና ስትሠራ እንደማንኛውም የአገራችን መኪና ከፍ አድርገዋት ነበር። አስፋልት ላይ በፍጥነት ስትሄድ እንዳትንሳፈፍ ብለው አሁን ወደ ፋብሪካዋ ልክ ዝቅ አደረጓት። ወደ ጅቡቲ የሚወስዳት የጭነት መኪና መጥቶ ስናስነሳት፣ ከጋራዡ በር ፊት ያለው የጎርፍ ቦይ ላይ ሆዷ ተቀመጠ። ጋሽ ማቴዎስ ራሳቸውን ይዘው «አውሮፓን አስበን ሀዋሳን ረሳናት!» ብለው በሳቅ ፈነዱ። የሠፈሩ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ተጠራርቶ መጣና በእጁ አንስቶ አሻገራት። ሳቃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

መኪናዋ ባሕር ላይ እያለች፣ እኛም የአውሮፕላን ቀናችንን ስንጠብቅ፣ አንድ ጠዋት ከአልጋቸው ሳይነሱ ቀሩ።

ታላቅ እህታቸው እትዬ አበበች ከቀብር መልስ ለብቻዬ ጠሩኝ። ሕይወት በደወለች ቁጥር «ትንሽ አሞት ተኝቷል፤ ድምፁም ተዘግቷል» ይሏት ነበር። «ታደሰ፣ መኪናዋን አድርስላት። ግን ሰርጉ ይለፍ። መርዶ የትም አይሄድም» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። የለመድነው እንዲህ ነው፤ ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተፈልጎ፣ ተሰብስቦ ነው። እሷ ግን እዚያ ዘመድ የላትም። ዘመድ ተብዬው እኔ ነኝ።

ብቻዬን ሄድኩ። ጄኖቫ ወደብ ላይ መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ተራራውን ወጣሁ፤ በረዶው በግራ በቀኝ ተቆልሏል፤ የሙቀት መለኪያው ንቅንቅ አላለም። ስንት ሰው ያን መንገድ ለማየት ይመኛል! እኔ ግን ምነው በተበላሸች እያልኩ ነበር። ብትበላሽ እዘገያለሁ፤ ከዘገየሁ አልናገርም። ከሞተሯ አንዲት ካንዴላ እንኳ አልከዳችኝም። አፌ ላይ «ሐኪም ከልክሏቸው ቀሩ» የሚለውን እየደጋገምኩ ደረስኩ።

ሕይወት በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። ኮፈኑን አቀፈችው። ከዚያ ከጎኔ ያለውን ወንበር አየች።

«አባዬስ?»

ያ ሞተሩ የተቃጠለበት ባጃጅ ነጂ ፊቴ ድቅን አለብኝ። ከጋሽ ማቴዎስ ጎን ይህን ያህል ዘመን ሠርቼ፣ ለልጃቸው የማይነሳውን ይነሳል ልበላት?

«ሕይወትዬ፣ አባትሽ አርፈዋል። ቀብረናቸው ነው የመጣሁት።»

ጩኸቷን አልጽፈውም። እጮኛዋ ከመሬት አነሳት። ሲመሽ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ለምን አልጠበቀኝም?» አለች። እጮኛዋ ሰርጉን እናራዝመው ቢላት «አባዬ መኪናዋን ለዚህ ቀን ብሎ ነው የላካት። ባራዝመው ለማን ነው የማራዝመው?» አለችው። ጭፈራው ብቻ እንዲቀር ተስማሙ።

በሰርጉ ጠዋት ነጭ ለብሳ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። «አባቴ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም» አለች። የአገር ሰዎች ነበሩ፤ ሽማግሌም ነበረ፤ እንመርቅሽ ቢሏት እንቢ አለች።

እሷ የማታውቀውን እኔ አውቅ ነበር። መኪናዋን በሻሸመኔ መንገድ ስንሞክር ጋሽ ማቴዎስ ከጎኔ ሆነው ምርቃታቸውን ያጠኑ ነበር። «ይኼኛው ይቅር፣ ትስቅብኛለች» እያሉ እያረሙ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ሳልፈልግ ቃል በቃል ሸምድጄዋለሁ። ወደ በሩ ሄድኩ።

«የአባትሽን ላድርስልሽ» አልኳት። አንገቷን ደፋች።

«የደረስሽበት አገር ቤት ይሁንሽ። ትተሽው የመጣሽው ቤት አይዘጋብሽ። የምትወጂው ሰው እውነቱን ይንገርሽ፤ አንቺም ንገሪው። እናትሽን ያሳጣሽ አምላክ በልጆችሽ ይካስሽ። ሂጂ፣ ልጄ፤ መንገዱ ያንቺ ነው።»

በየመሃሉ «አሜን» አለች። ከዚያ ወጣች።

ጋሽ ማቴዎስ፣ ከቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያን መሪውን እንዳልነካ አዝዘውኝ ነበር፤ ነካሁት፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ግድግዳው ዝም ካለ ወዲህ የሬዲዮዬን ድምፅ እንደፈለግኩ ከፍ ማድረግ እችላለሁ፤ ግን አልከፍተውም። እትዬ አበበች ገና አላናገሩኝም፤ አንድ ቀን ይታረቁኛል። እርስዎ ግን እንዲያውቁልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ፤ ልጅዎን አታልለን አልዳርናትም። አልቅሳ፣ ሁሉንም አውቃ ነው አሜን ያለችው።