የአክስቴ የሞርጂና ወለል

አክስቴ ሞርጂና ባሕሩን ስለምትፈራ በየዓመቱ የቤቷን ወለል በጭቃ ከፍ ታደርግ ነበር። በቤንጋል ባሕር ዳር ባለችው ደሴታችን ክረምቱ ሲወጣ ሴቶች ሁሉ ይህንኑ ያደርጋሉ፤ የእሷ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ወለሉ ላይ ወጥቼ ስደርስ ትንፋሽ ሲያጥረኝ፣ "አንተ ሰነፍ! ማዕበሉ ሲመጣ እኔው ጋ ነው የምትወሸቀው!" ትለኛለች።

አፈሩን የምንወስደው ባሕሩን ከሚገታልን የአፈር ግድብ ስር ነው፤ ቅርብ ነዋ!

"አክስቴ፣ ግድቡን ቆፍረን ልንጨርሰው እኮ ነው" አልኳት አንድ ቀን።

"በእኔ አንድ ቅርጫት ምን ይጎድልበታል? ሁሉም ይወስድ የለ እንዴ!" ብላ ተቆጣች። እኔም ቅርጫቷን ተሸከምኩላት።

ባለፈው ግንቦት አውሎ ነፋሱ ሲመጣ ባሕሩ ግድቡን ከላይ አልዘለለውም። በቆፈርነው በኩል ሸንቁሮት ገባ። ሁላችንም ወደ መንደሩ የማዕበል መጠለያ ስንሮጥ እሷ፣ "የእኔ ቤት ከፍ ያለ ነው፤ የትም አልሄድም" ብላ ቀረች።

ውሃው ሲጎድል ቤቱም እሷም የሉም። ወለሉ ብቻ ቆሟል፤ ስትለቀልቀው የተወችው የጣቶቿ መስመር እንኳ አልጠፋም።

ግድቡን ለመድፈን ደረቅ አፈር ሌላ ቦታ አልተገኘም። ስለዚህ ወለሏን ቆፈርነው። የመጀመሪያውን ቅርጫት የተሸከምኩት እኔ ነኝ።