በሚካኤል ዕለት አልፈታ ያለው ብሎን

ኅዳር ፲፪ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ ስወርድ የመኪናዬ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሰው አልተጎዳም፤ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

መኪናዋ አሮጌ ናት። በክሪክ ሳላነሳት በፊት ብሎኖቹን ማላላት ጀመርኩ። ሌሎቹ እንደ ምንም ተፈቱ። አንዱ ግን ዝጎ ከቸርኬው ጋር አንድ ሆኗል። ናፍጣ አጠጣሁት፣ መፍቻው ላይ ቆምኩበት፤ ንቅንቅ አላለም። መፍቻው እያመለጠ የብሎኑን ጠርዝ መላጥ ሲጀምር ተውኩት። ጠርዙ ካለቀ የሚያዝበት አይኖረውም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ሌሊት አርፋለች። ቀብሯ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሆነ በስልክ ተነግሮኛል። እዚያ ቦታ ኔትወርክ ስለሌለ ቆዩኝ ማለት አልቻልኩም። በበዓል ቀን ገበያተኛም የጭነት መኪናም የለም። የታጨደው ገብስ በየማሳው ተከምሯል፤ አጠገቡ ማንም አይታይም።

ቆይቶ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች መጡ፤ አንድ ቄስና ጋቢ የለበሱ ሦስት ገበሬዎች።

«መኪናይቱም በዓል አክብራ ቆማለች» አለ ከገበሬዎቹ አንዱ፤ ሳቁ።

መዶሻ ይዞ የሚያግዘኝ ሰው ለመንኩ። በሚካኤል ብረት መምታት በዓል መሻር ነው አሉኝ። ይልቅስ ቤት ገብቼ ጠላ ቀምሼ እንዳድር፣ ነገ በጠዋት ተባብረው እንደሚፈቱልኝ ነገሩኝ። ጉዳይ አለኝ አልኳቸው። ምን ጉዳይ እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። ሥራዬ ሌላውን ሰው መጠየቅ ነው፤ የራሴን መናገር አልለመድኩም።

ከገበሬዎቹ ሽማግሌ የሆኑት ትኩር ብለው አዩኝ።

«ምን እንዲህ ያቻኩልሃል? ሰው ሞተብህ እንዴ?»

«አዎ» አልኩ። «አክስቴ። ስድስት ሰዓት ላይ ትቀበራለች።»

ሳቁ ቆመ።

«አይ ልጄ» አሉ ቄሱ፤ «ታዲያ ምነው አፍህን ይዘህ ቆምክ? ቀብርማ በዓል አይሽርም። መቃብሩስ የሚቆፈረው በዶማ አይደል?»

ገበሬዎቹ ጋቢያቸውን አወለቁ። ሽማግሌው ብሎኑን አልታገሉትም። ማረሻ ከእርፍ አልላቀቅ ሲል እንደሚያደርጉት ከቅርብ ቤት በመጣ መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያሉ ቀጠቀጡት፤ ናፍጣ ጨምረው ጠበቁ፤ ደግመው ቀጠቀጡት። ሌሎቹ ከዚያው ቤት የውኃ ቱቦ ቁራጭ አምጥተው የመፍቻው እጀታ ላይ ሰኩና መጀመሪያ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጥቂት ገፉት፤ ከዚያ በሚፈታበት አቅጣጫ ተጫኑት። ብሎኑ ቋ ብሎ ተፈታ።

ጎማውን ቀይሬ መሪ ስይዝ ሽማግሌው ሳይጠይቁኝ አጠገቤ ገብተው ተቀመጡ። ሰው ለቅሶ ብቻውን አይሄድም አሉ።

ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። መቃብሩ ተደፍኖ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እየወጣ ነበር። ከአገሩ ከራቅኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የማውቀው ፊት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ሽማግሌው አይተዋት ለማያውቋት ሴት እያለቀሱ ከመኪናው ወረዱ። ቀባሪዎቹ ወደ እሳቸው ሄዱ፤ በየተራ ጎንበስ እያሉ «እግዜር ያጥናዎት» አሏቸው።

ሽማግሌው በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ።