እናቴን «እርስዎ» ያስደገማት ሰው

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የአማርኛ መምህራችን ሁላችንም ተራ በተራ እየተነሣን ራሳችንን እንድናስተዋውቅ ጠየቀን። የት እንዳደግን፣ ምን እንደምንወድ፣ ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጥን እንድንናገር ነው። ቀላል ነገር ነበር። እኔ ግን ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁና ዞር ብዬ አየሁት። ፀጉሩ ሸሽቷል፤ ሆዱ ወጣ ብሏል። ያም ሆኖ ለየሁት። ድሬዳዋ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አማርኛ ያስተማረኝ ሰው ነበር። ለዓመታት ካስተማረ በኋላ ዲግሪውን ሊይዝ መጥቶ፣ በጣም ታናናሾቹ በምንሆን ተማሪዎች መካከል ተቀምጧል። አየኝ፤ ግን አላወቀኝም።

ምን እንዳደረገኝ ለማስረዳት ከቤታችን መጀመር አለብኝ። እኔ የድሬዳዋ፣ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነኝ። አባቴ ጣልያን ከወጣ በኋላ ከምንጃር ወርዶ ባቡር ጣቢያ የተቀጠረ ሰው ነው። እናቴ የጀልዴሳ ኦሮሞ ናት። ከአባቴ ጋር በአማርኛ፣ ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በሶማልኛ እናወራለን። ወሬ በአንዱ ጀምረን በሌላው ብንጨርስ ማንንም አይገርመውም። ደግሞ ድሬ ላይ «አንቱ» የሚባል ሰው የለም። ሽማግሌውም አንተ ነው፣ ሼኩም አንተ ነው፣ የጣቢያው አለቃም አንተ ነው። ንቀት አይደለም፤ ቅርበት ነው።

ማንበብ እወድ ነበር። አባቴ ተሳፋሪ ጥሎት የሄደ ጋዜጣ ባገኘ ቁጥር አጣጥፎ ያመጣልኛል። ቀትር ላይ ከተማው በሙቀት ደንዝዞ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ማስታወቂያው ሳይቀር አነባለሁ። ይህ መምህር አንድ ቀን የጻፍኩትን ድርሰት ክፍል ውስጥ አነበበና «ጎበዝ» አለኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት።

እናቴ በማግስቱ ልታመሰግነው መጣች። ራሷ ላይ አዲሱን ጉፍታዋን አስራ፣ ከዘመዶቿ የመጣላትን ወተት በታጠነ ቅል ይዛ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ ትምህርት ቤቴ እስካለበት እስከ ከዚራ ድረስ በእግሯ መጣች። ትምህርት ላይ ነበርን። በሩን ገፋ አደረገችና ገባች።

«አንተ፣ ልጄን ጎበዝ አልካት አሉ። ገላቶሚ። እንካ፣ ይሄን ጠጣ» አለችው።

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ። «ማንን ነው አንተ የምትዪው?»

እናቴ የሚቀልድ መስሏት ፈገግ አለች።

«እኔ የመንግሥት መምህር ነኝ። ‹እርስዎ› በዪ።»

«እሩሶ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እሱ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞሮ «ተነሺ። እናትሽን አስተምሪያት» አለኝ።

ተነሣሁ። «እርስዎ» አልኩ። እናቴ አፌን እያየች «እሩሶ» አለች። «እንደገና» አለ። እንደገና አልኩ፤ እንደገና አለች። ፈገግታዋ ከፊቷ እስኪጠፋ ድረስ አስደገመን። ጓደኞቼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። በመጨረሻ ቃሉ ልክ ሲመጣላት «በቃ፣ ቅልሽንም ይዘሽ ሂጂ። እዚህ ገበያ አይደለም» አላት። እሱ እኮ እናቴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አንቺ» ነበር የሚላት።

ተከትያት ወጣሁ። ደቻቱ ደረቅ ነበር። መሃሉ ላይ ስንደርስ እናቴ አሸዋው ላይ ተቀመጠችና ቅሉን ከፈተች። ጠጣች። ከዚያ ለእኔ አቀበለችኝ።

«አንተ ማለት ስድብ ነው እንዴ?» ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ።

«አይደለም» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ሽልማት ስቀበል አልመጣችም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስም «አባትሽ ይሂድ» አለች። እኔ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ አማርኛን የማጠናው ለፈተና መሆኑ ቀረ። ሰዋስው ሳጠና ፊቱ ይታየኛል። ቅኔ ለመፍታት ስታገል የማሸንፈው እሱን ነበር። በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና አጣሁት። ጥላቻዬ ግን አብሮት አልተዛወረም።

እንግዲህ ተራዬ ደረሰና ተነሣሁ። የት እንዳደግኩ ተናገርኩ። ስለ ጋዜጦቹ ስናገር ተማሪዎቹ ሳቁ። ከዚያ ስለ እናቴ ነገርኳቸው፤ ስለ ወተቱ፣ ስለ «እሩሶ»። ሳቁ ቆመ። የመምህሩን ስም አልጠራሁም። ወደ ኋላም አልዞርኩም።

«ይህን ትምህርት የመረጥኩት» አልኩ፣ «ያ ሰው ከሚያውቀው አማርኛ የበለጠ ለማወቅ ነው። አንድ ቀን ሳገኘው ደግሞ በድሬ አማርኛ ላናግረው።»

ተቀመጥኩ። ተራው እየዞረ እሱ ጋ ደረሰ። ሲነሣ ወንበሩ ወደቀበት። ስሙን፣ አገሩንና መምህር መሆኑን ተናገረ። መምህራችን በዕድሜው አክብሮት «እርስዎስ የት የት አስተማሩ?» ብሎ ጠየቀው። የሁለት ከተሞች ስም ጠራና ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

«ድሬዳዋን ረሳህ» አልኩት።

ሁሉም ዞሩ። ያን ጊዜ አወቀኝ፤ ከአንገቱ ጀምሮ ሲቀላ አየሁት።

«እኔ... ብዙ ተማሪ ነው ያስተማርኩት» አለ።

«አንተ ብዙ ተማሪ አለህ። እኔ ግን አንድ እናት ናት ያለችኝ።»

የወደቀውን ወንበር አንሥቶ ተቀመጠ። መምህራችን አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየና፣ በዝግታ «የሚቀጥለው» አለ።

በዚያው ሳምንት ግቢው ውስጥ «እርስዎ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ምግብ ቤት ሲገባ «እርስዎ መጣ» ይላሉ። መጻሕፍት ቤት ሲቀመጥ አንዱ ከጀርባው «እሩሶ» ብሎ ያልፋል። እኔ አላወጣሁለትም። አንዲት ጓደኛዬ «አንቺ ብትነግሪያቸው ይተዉታል፣ ኧረ ይበቃዋል» አለችኝ። አልነገርኳቸውም። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አስቆመኝና «ያኔ ወጣት ነበርኩ» አለኝ። «እናቴም ወጣት ነበረች» ብዬው አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ እኔን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። መንገድ ሲቀይር ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ለገና ዕረፍት በባቡር ወደ ቤት ወረድኩ። እራት እየበላን ለአባቴና ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። እናቴ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች።

«አንተ አልሽው?»

«አልኩት።»

«ሰው ሁሉ እየሰማ?»

«እየሰማ።»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አባቴ ግን ፊቱን አጨማደደ። «ሰውየው ትልቅ ሰው ነው። አሁንስ ተይው፣ ነውር ነው» አለኝ።

«አንተ ዝም በል» አለችው እናቴ፤ ወደ እኔም ጠጋ ብላ፣ «ኢንታላ ቲያ፣ ልጄ፣ በኦሮምኛ ድገሚልኝ» አለችኝ።

ደገምኩላት።