የውበቴ ሁለት ካርዶች

ውበቴ ፋንታ ሐምሌ 1977 ዓ.ም. ሞጣ ላይ አረፈች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ለራሷ የምትሰፋው ቀሚስ ሁሉ አንገቱ የተዘጋ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቷና ብብቷ ጠቁሮ ስለነበር ያያት ሁሉ ታጠቢ ይላት ነበር።

ከሞቷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መድኃኒቷን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ቢቸና ውስጥ የጤና ጣቢያ መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ከሞጣ የመጣውን የኢንሱሊን ሪፖርት ከእኛው ጋር ሳስተያይ፣ እዚያ ውበቴ ፋንታ፣ እዚህ ወለተ ሐና ፋንታ የሚባሉ ሁለት የስኳር ሕመምተኞች አገኘሁ። ዕድሜያቸው እኩል፣ የፈረሙበት እጅ አንድ። በሁለት ስም ወስዳ ትሸጠዋለች ብዬ ለበላይ ጻፍኩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሰው ያሳስር ነበር፤ ያንን እያወቅሁ ጻፍኩ።

ሁለቱም ጣቢያዎች ከለከሏት። በዘጠነኛው ቀን በጭነት መኪና ከሞጣ መጣች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ወሬዋን እያቋረጠች ውኃ ትጠጣለች፣ ትቀመጥና ወዲያው ትነሣለች። መርፌ ወጊው ድሬሰር ወልደ ኪዳን፣ "እሜቴ፣ ያንን ሁሉ ማንን ስትወጊበት ከረምሽ? በሬ ነው?" አላት።

እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች። "ሁለት ስም ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ? እርስዎስ ክርስትና አልተነሡም?"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቢቸና አክስቷ ዘንድ ሳለች ጠበል ቦታ ራሷን ስታ ወደቀች። ወደ እኛ ሲያመጧት አክስቷ ስም ተጠየቀች፤ ጠበሉ ላይ ለካህኑ በተናገረችበት አፏ የክርስትና ስሟን፣ ወለተ ሐናን፣ ሰጠች፣ ካርዱም በዚያው ወጣ። ውበቴ ኋላ አላረመችውም። የአንዱ ጣቢያ መድኃኒት አይበቃትም ነበር፤ ይህንንም አልደበቀችኝም።

"የሁለቱንም ወግቼ አልወረደልኝም" አለች። "ካላመናችሁ እዚሁ አስተኙኝና በገዛ እጃችሁ ውጉኝ።"

አስተኛናት። ወልደ ኪዳን ጧት ማታ ይወጋታል፤ ሽንቷን ከሰማያዊው ፈሳሽ ጋር አፍልቶ ያያል። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ የእሷ በየቀኑ እንደ ሸክላ ይቀላል። መጠኑን እየጨመረ ሄደ። በስድስተኛው ቀን ሁለት መቶ ዩኒት ደረሰ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ራሱን ስቶ በወደቀ ነበር። እሷን አላላባትም፣ አላንቀጠቀጣትም። ወልደ ኪዳን መሞከሪያ ቱቦውን ይዞ ቢሮዬ ገባ፤ ቀይ ነው። ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር።

አዲስ አበባ ላክናት። በወሩ የሐኪም ደብዳቤ ይዛ ተመለሰች። አብሯት የተወለደ፣ እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚገኝ ሕመም ነው፤ ሰውነቷ ለኢንሱሊን አይታዘዝም፤ የአንገቷም ጥቁረት የዚሁ ምልክት ነው፤ ከሌላው አራት አምስት እጥፍ ይሰጣት ይላል። የጻፍኩባትን በጽሑፍ ሻርኩ፤ ለሞጣም አሳወቅሁ። ከዚያ የግምጃ ቤቱን ዝርዝር አወጣሁ። ለወሩ የተላከልን አሥራ ስምንት ብልቃጥ ነው። ለእሷ ብቻ አሥራ አምስት ያስፈልጋል፤ ሌሎች አራት ሕመምተኞች አሉብን።

ውበቴ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው።

"እሺ፣ አመናችሁኝ" አለች። "መድኃኒቱስ?"

በወር ስድስት ብልቃጥ እሰጣት ነበር፤ ሞጣ አምስት። የቀረውን አራት በየወሩ ለበላይ እየጻፍኩ ጠየቅሁ፤ ሃያ ሁለት ደብዳቤ። የመጨረሻውን ደብዳቤ በላክሁበት ቀን እሷ ከሞተች ሦስት ቀን ሆኗት ነበር፤ መሞቷን ገና አልሰማሁም።