ዘይና የተወችው ውሃ

ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት ሲወረድ ካለው ተረተር ሥር የጎሮ ጅረት ይፈሳል። ዘይና የተወለደችውም የተዳረችውም እዚያው ጅረት ዳር ነው። ባሏ በወባ ሲሞትባት ማሳውም የመስኖ ተራውም በእጇ ቀረ። ተራዋ ረቡዕ ነው፤ ከንጋቱ ፈጅር ሶላት እስከ ቀትሩ ዙሁር። ከባሏ አያት ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ስለሆነ "የማን ነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በዚያ ውሃ ማሾና ሽንኩርት እያለማች ልጆቿን አሳደገች።

ከዚያ አንድ ኩባንያ መጣ። ተረተሩን ቆፍሮ የድንጋይ ከሰል አወጣ፤ ከሰሉን ያጠበበትን ውሃ ደግሞ መልሶ ጅረቱ ላይ ለቀቀው። ጎሮ እንደ ተቃጠለ ዘይት ጠቆረ፤ እንደ ገማ እንቁላል ሸተተ። ከሱ የጠጡ ፍየሎች ሆዳቸው ተነፍቶ ሞቱ። አንድ ረቡዕ ዘይና ቦይዋን ስትከፍት ያ ጥቁር ነገር ሽንኩርቷ ሥር ሲተኛ አየች። ጎንበስ ብላ በእፍኟ ዘገን አድርጋ አሸተተችው፤ ወደ ላይ አላት። ወዲያው ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፈነችው።

"ይሄን አጠጥቼስ ለሰው አላበላም" አለች።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ጠብቃ ማሽላ ትዘራለች፤ ሲከፋባት ሰንበቴ ገበያ ወርዳ ጊደር ትሸጣለች። ሌሎቹም ተራ በተራ ውሃውን ተዉት።

አብዱሰላም ግን አልተወም። ማሳው ከዘይና ማሳ በላይ ነው። የሁሉንም ተራ ጠቅልሎ ያዘና ጥቁሩን ውሃ በፓምፕ እየሳበ ቲማቲም አለማ። ቲማቲሙስ ያምር የለ! በሳጥን በሳጥን ሆኖ በባጃጅ ከሚሴ ገበያ ይገባል። ባጃጁ በደጇ ሲያልፍ ዘይና ፊቷን ታዞራለች። ቀበሌ ሄዳ ብትናገር "ማስረጃ አለሽ?" ብለው መለሷት።

ከሰሉ ሲያልቅ ኩባንያው ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ቆይቶ የጽዳት ፕሮጀክት መጣና ጉድጓዱ ተደፈነ፣ ዝቃጩ ተዝቆ ተወሰደ፣ ተረተሩ ላይ ችግኝ ተተከለ። ውሃው ተመርምሮ "ለመስኖ ይሆናል" ተባለ። ዘይና ዶማዋን ይዛ ቦይዋን ልትከፍት ስትወጣ "ቆይ" አሏት። ተራው እንደ አዲስ ሊደለደል ነው።

ስብሰባው ከመስጊዱ አጠገብ ባለው ዋርካ ሥር ሆነ። የመራው ምንተስኖት የሚባል የመስኖ ባለሙያ ነው፤ አጠገቡ የአገሩ ሽማግሌ ሼህ ሙሀመድኑር ተቀምጠዋል። ምንተስኖት ደንቡን አሰማ፤ ውሃውን አምስት ዓመት ሙሉ ያልተጠቀመ ሰው ተራውን እንደተወ ይቆጠራል። ዘይና ቦይዋን ከደፈነች ከዚያ በላይ ሆኗታል።

አብዱሰላም ብድግ አለ። "አልሀምዱሊላህ! እኔ ጎሮን አንድ ቀን ጥዬው አላውቅም። እነሱ ሲሸሹ የያዝኩት እኔ ነኝ። ቢሻን ኩን ከን ኮቲ! ይሄ ውሃ የኔ ነው!"

ዘይና ጎረቤቶቿን አየች። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። አብዱሰላም አስቀድሞ በየቤቱ እየዞረ "ዝም በሉኝ እንጂ ውሃ አልነፍጋችሁም" ብሏቸው ኖሯል። ያ የገማ ውሃ እንኳ እንዲህ አላስጠላትም።

"ሼህ ሙሀመድኑር፣ ይፍቀዱልኝ።"

"ተናገሪ ልጄ።"

ወደ አብዱሰላም ዞረች። "ያን ቲማቲም ልጆችህ በልተውታል? በአላህ ስም ተናገር።"

"ስለ ቲማቲም ልናወራ አልመጣንም።"

"በልተውታል ወይ ነው የምልህ!"

"እናቴ፣ አጀንዳችን የውሃ ክፍፍል ነው" አለ ምንተስኖት።

ይሄኔ ከሴቶቹ መሀል የአብዱሰላም ሚስት አሻ ተናገረች፤ ቀና እንኳ አላለችም። "እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም። እንዳታስገቢ ያለኝ እሱ ራሱ ነው። ለኛ ከሌላ ሰው እየገዛ ነበር የሚያመጣው።"

"አስተግፊሩላህ!" አለ አንዱ ከኋላ። ሌላው እንትፍ አለ።

"ውሃን መተውና ክፉን መሸሽ አንድ አይደለም" አሉ ሼህ ሙሀመድኑር። "ተራው እንደ ጥንቱ ይሁን።"

ምንተስኖትም እሺ አለ። የአብዱሰላም ተራ ግን አልተነካም። "የቲማቲሙን ጉዳይ የሚመለከተው አካል ያየዋል" ተባለ። የሚመለከተው አካል እስከ ዛሬ አላየውም።

ስብሰባው ሲበተን እነዚያ መሬት ሲያዩ የነበሩት "አበጀሽ! ማሻአላህ!" እያሉ ከበቧት። ዘይና የዘረጉላትን እጅ ሳትጨብጥ ሄደች።

አሻን ባሏ ልጆቹን አስቀርቶ ደብድቦ አባረራት። ልብሷን በፌስታል ይዛ ዘይና በር ላይ ቆመች።

"ያኔ ለምን አልነገርሽንም?" አለቻት ዘይና።

"ብናገር ልጆቼን ምን አበላቸው ነበር?"

"የሰውስ ልጅ?"

ዘይና አስገባቻት፤ ምንጣፍ አነጠፈችላት፤ እራት ሰጠቻት። ደግ ቃል ግን ለመስጠት ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

በዚያው በጋ ዘይና በጠራው ውሃ ያለማችው ሽንኩርት ደረሰ። ሁለቱ ሴቶች ከሚሴ ወርደው ዘረገፉት። ፋሪዳ የምትባል ምግብ ቤት ያላት ሴት አንዱን አንስታ ወደደችው።

"ከየት ነው?"

የጎሮ ምርት ተመርዟል የሚለው ወሬ ገበያውን ሞልቶታል፤ ዘይና ይህን ታውቃለች። መዋሸት ትችል ነበር።

"የጎሮ ነው እህቴ። ውሃው ጠርቷል።"

ፋሪዳ ሽንኩርቱን ወረወረችውና ጣቶቿን በነጠላዋ ጠረገች። "እሱን ለራስሽ!"

ዘይና አልተቀየመቻትም። ማዶ አብዱሰላም ያንኑ የጎሮ ቲማቲሙን የሌላ ቦታ አስመስሎ "የሀርቡ! የሀርቡ ቲማቲም!" እያለ ይጣራል፤ ሰው ተሰልፎ ይገዛዋል። አሻ ተነስታ ልትጮህበት ስትል ዘይና ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት። እስኪመሽ ድረስ ለጠየቀ ሁሉ "የጎሮ ነው" አለች። ጥቂቱን በርካሽ ሸጠች፤ የቀረውን ተጋግዘው ተሸክመው ተመለሱ።